የማይደገም ምስጋና፦ የካህን ዕለታዊ አስተንትኖ ከግምጃ ቤት ሲታይ

ስለ እምነት፣ ስለ ምስጋናና ስለ አገልግሎት በየዕለቱ የሚያሰላስል ካህን ሐሳቡን የት ያኖረዋል? የአውሮፓን ሥነ ጽሑፍ ላጠና ሰው መልሱ ቅርብ ነው። አውግስጢኖስ ኑዛዜውን ጽፎ ትቶልናል። ዮሐንስ ዌስሊ ለዐሥርት ዓመታት የዕለት ውሎውን መዝግቧል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ቤርናኖስ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ልቦለድ ደግሞ ከሞላ ጎደል የአንድ ምስኪን የገጠር ቄስ የግል ማስታወሻ ነው። ቄሱ በደብተሩ ላይ ይጠራጠራል፣ ያፍራል፣ ያመሰግናል። ወደ ጎጃሙ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ተሻግሮ የአንከሻ ወረዳ ማእከል በሆነችው በግምጃ ቤት እንዲህ ያለ ደብተር የሚፈልግ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። የጎጃም ካህን በአብዛኛው የግል ማስታወሻ አይጽፍም። ከዚህ ተነሥተው «የእኛ ካህን ሥርዓት ፈጻሚ እንጂ አሰላሳይ አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች መደርደሪያውን አይተው ደብሩን ሳያዩ የተመለሱ ናቸው።

በዚህ ዳሰሳ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። የጎጃም ካህን ዕለታዊ አስተንትኖ ነበረ፣ አለም፤ ነገር ግን «እኔ» በሚል ባለቤት ስም አልተጻፈም። በቀን መቁጠሪያው፣ በቅኔውና በሰሞን ተራው ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ይህ አኗኗሩ ያተረፈለትም ያከሰረውም ነገር አለ። ትርፉን የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ ኪሳራውን ደፍሮ የሚናገር ግን አላጋጠመኝም።

ከቀን መቁጠሪያው እንጀምር። ግምጃ ቤት ባለችበት ደጋ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ወሩን በቁጥር ብቻ አይቆጥረውም። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። በየቀኑ አንድ የሚታሰብ አለ፤ ስለዚህ ካህኑ ጧት ሲነሣ «ዛሬ ስለ ምን ላሰላስል?» ብሎ አይጨነቅም። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ስንክሳር የዕለቱን ገድል ያነብለታል። ንባቡም በአርኬ፣ ማለትም ለዕለቱ ቅዱስ በሚቀርብ የሰላምታ ግጥም፣ ይዘጋል። ዳዊቱ በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎለታል። ትውፊት ለሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም የሚሰጠው ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀናት ሰባት ክፍል አለው። ሌሊቱን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሰዓታት፣ ንጋቱን ኪዳን ይይዘዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ምስጋና ልብ ሲሞላ ብቻ የሚቀርብ ነገር አይሆንም፤ ሰዓት አለው። ልጁን ትናንት የቀበረ ቄስም ተራው ከደረሰ ጸሎተ አኰቴትን፣ ማለትም የምስጋናውን ጸሎት፣ ያደርሳል። የዘመናችን የመንፈሳዊ መጣጥፍ አንባቢ ይህን ግብዝነት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ከብዙ የስሜት ገለጻ ይልቅ እምነት የሚጣልበት ሆኖ አገኘዋለሁ። ስሜት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ምስጋና ለደብሩ ሕዝብ ብዙም አይረባውም።

እዚህ ላይ ካህኑ የሌላውን ቃል እያስተጋባ የራሱን አስተንትኖ አያደርግም የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቅኔ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ልብም እዚያ ነው።

ሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ናቸው፤ ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የጎጃም ናቸው። ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ ያፈሯቸውን ሊቃውንት ለመዘርዘር ይህ መድረክ አይበቃም። የአዊ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ወደነዚህ ጉባኤዎች ወይም ከነሱ ወደ ወጡ መምህራን ሲሄድ ኖሯል። ተማሪው ቀን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ራሱም ቅኔ ይዘርፋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየንና ሚ በዝኁን አልፎ፣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ልፋት ውጤት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ በዓል የተባለ ቅኔ በሌላ በዓል አይባልም። የትናንቱን ደግሞ፣ ወይም የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው በሊቃውንት ፊት ዋጋ የለውም። በቁርባን ጊዜ የሚባለው ክብር ይእቲም፣ በቅዳሴ መጨረሻ የሚባለው ዕጣነ ሞገርም በየጊዜው አዲስ ይሠራል።

እንግዲህ ይህን «ዕለታዊ አስተንትኖ» ካላልነው ምን እንለዋለን? ባለቅኔው የዕለቱን በዓል፣ የዕለቱን ንባብና በዚያ ሰሞን በአገሩ የሆነውን ነገር አንድ ላይ አምጥቶ ያስራቸዋል። ወርቁ ከመጽሐፍ ቢመጣም ሰሙን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማሳው፣ ገበያው፣ ክረምቱና ሹመት ሽረቱ ነው። ደግሞም ቅኔ ከሚያመሰግነው ጋር ይሟገታል። አለቃ ያጎደለበት ደብተራ አለቃውን፣ ድርቅ የመታው ደግሞ ሰማዩን በውዳሴ መልክ ይወቅሳል። ንጉሥ እንኳ ከቅኔ ጎሸማ አላመለጠም። በየዕለቱ የሚወጡ ብዙዎቹ የዘመኑ መንፈሳዊ መጣጥፎች፣ የኦርቶዶክስም ሆኑ የወንጌላውያን፣ የሚያንሱት እዚህ ላይ ነው። ምስጋናውን ከቅሬታ አጥበው ያቀርቡታል፤ አንባቢ የሚያውቀው ሕይወት ግን ያን ያህል የታጠበ አይደለም። የዳዊት መዝሙርም ቢሆን ከምስጋናው ጎን ሮሮውን አልደበቀም። ቅኔ ቤት ዳዊት ከደገመ ተማሪ የተሠራ ስለሆነ ይህን ጠብቋል።

አሁን ወደ ኪሳራው። አይደገምም ማለት በአብዛኛው አይጻፍም ማለት ሆኗል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔን፣ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ዝክረ ሊቃውንት ያሉትን የቅኔ መጽሐፍ ባያሳትሙ ኖሮ ከተረፈውም ብዙው ይጠፋ ነበር። ይሁንና እነዚህ ስብስቦች በባሕርያቸው የሊቃውንት መታሰቢያ ናቸው። በአንከሻ ወይም በባንጃ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ የተቀኘ መሪጌታ እዚያ ቦታ የለውም። ሠላሳ ዓመት ያሰላሰለው ነገር ከመቅደሱ ጣራ በታች ተብሎ አልቋል። ይህን ትሕትና ብሎ ማወደስ ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። እኔ ግን ትሕትናውን ሳልክድ፣ ብክነቱንም ብክነት ማለት እመርጣለሁ።

በዚህ ረገድ አንድ መጽሐፍ ለየት ይላል። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. አሳትመዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ራሱ ሕይወት በራሱ አነጋገር ሲናገር የምንሰማበት ብርቅ ሰነድ ነው። ልብ በሉ፣ ሊቁ አልጻፉትም፤ ልጃቸው ጠይቆ ነው የተናገሩት። «እኔ» የሚለው ቃል ከካህኑ አፍ የወጣው ዓለማዊ ደራሲ የሆነ ልጅ ስለጎተጎተ ነው። ይህ በድንገት የሆነ ነገር አይመስለኝም፤ ትውፊቱ ካህኑን ስለ ራሱ እንዲያወራ አላሠለጠነውም።

ምስጋና ዋጋ አለው፤ አንዳንዴም ዋጋውን የሚከፍለው አመስጋኙ አይደለም። ይህን ከማንም በላይ ያየው የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ሐዲስ ራሱ ያደገው በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ልጁ ከሞት እንዲተርፍ የገቡት ስለት የልጁን ዕድሜ ሙሉ አሰረው። እምነት፣ ምስጋናና አገልግሎት እዚህ በአንድ ስለት ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ውጤቱም ጥፋት ነው። የቤተ ክህነት ሰዎች ልቦለዱን የካህናት ትችት አድርገው ሲያነቡት እሰማለሁ። ትችትስ ነው፤ ግን የሚተቸው ካህኑን ብቻ አይመስለኝም። ሐዲስ ያነሣው ጥያቄ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሕይወት ለምስጋና መክፈያ ማድረግ ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለ አገልግሎት የሚሰብክ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊያመልጠው አይገባም።

በቅኔ ቤት ግን ሌላም የምስጋና ትምህርት አለ፤ እሱም ልመና ነው። ተማሪው ቁራሽ የሚለምነው በማርያም ስም ነው፤ መንደሩ ደግሞ የማያውቀውን ልጅ ይመግባል፣ ውሻውም ይናከሳል። ካህን ከመሆኑ በፊት ዓመታት ሙሉ በገበሬ እንጀራ የኖረ ሰው «ሁሉን እግዚአብሔር ሰጠኝ» ሲል እጇን የዘረጋችለት እናት ፊቷ ይመጣበታል። ወይም ሊመጣበት ይገባል።

ሦስተኛው ማደሪያ ሰሞን ነው። ሰሞነኛው ቄስና ዲያቆን ተራቸው በደረሰ ሳምንት ከቤታቸው ተለይተው፣ ራሳቸውን ጠብቀው፣ በደብሩ ያድራሉ። ተራው ሲያልፍ ቄሱ ተመልሶ ሞፈር ይጨብጣል። አገልግሎት በተራ የሚዞር ሥራ በመሆኑ የአንድ ሰው ጀግንነት አይሆንም። «እኔ ባልኖር ደብሩ ምን ይሆን ነበር?» የሚል ሐሳብ ለሰሞነኛ አይመቸውም፤ የሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ነውና። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚቀርበው ሰንበቴም፣ በየወሩ የሚዞረው ጽዋ ማኅበርም በዚሁ የተራ ሥርዓት ይሄዳሉ። አንድ ሰው ደግሶ ሁሉ ያመሰግናል፤ በሚቀጥለው ያመሰገነው ደጋሽ ይሆናል።

ይህ ሥርዓት ግን በአየር ላይ አልቆመም። ከሥሩ መሬት ነበረ። በቀድሞው ሥርዓት የሰሞን መሬት የያዘ ሰው ወይ ራሱ ያገለግላል፣ ወይ በእሱ ምትክ የሚያገለግል ያቆማል። በሌላ አነጋገር ዕለታዊው ምስጋና ግብርም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መሠረት አነሣው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የወጣው ቃለ ዐዋዲ ምእመናንንና ካህናትን በሰበካ ጉባኤ አደራጅቶ ስለነበር ደብሮች ጨርሰው አልወደቁም፤ ሸክሙ ግን በምእመናኑ መዋጮ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ቄስ በአብዛኛው አራሽ ነው፤ ከአገልግሎቱ የሚያገኘውም ጥቂት ነው። ስለ ካህናት አገልግሎት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ታሪክ ዘልለው ስለ ትጋትና ስለ መሥዋዕትነት ያወራሉ። መሬት የነበረው የሰሞነኛ ምስጋናና መሬት የሌለው የሰሞነኛ ምስጋና አንድ ዓይነት ቃል ቢኖራቸውም አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም። የዛሬው ሰሞነኛ፣ በእኔ ግምት፣ ከአያቱ ይልቅ በነጻ የሚያመሰግን ነው፤ ስለዚህም ከአያቱ ይልቅ ሊደክመው ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት ለደብረ ኤልያስም ለመርጡለ ማርያምም ይሆናል። ግምጃ ቤት የራሷ ጥያቄ አላት። የአንከሻ ሕዝብ በብዛት አውንጊ ተናጋሪ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 1 ሚሊዮን የተጠጋው የአዊ ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ኦርቶዶክሳዊ ነው። ይህ ሕዝብ ቅዳሴውን በግእዝ ያስቀድሳል፤ የመጻሕፍቱ አንድምታ ትርጓሜ ደግሞ በአማርኛ ነው። ካህኑ የአገሩ ተወላጅ ከሆነ የንስሐ ልጁን በአውንጊ ያናግራል፤ ለልጁ ዳቦ ሲባርክም፣ በሬ ሲጠፋ ሲያጽናናም እንዲሁ። ስለዚህ የአዊ ካህን አስተንትኖ በሦስት ልሳን ይጓዛል። በግእዝ ይቀኛል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፣ በአውንጊ ያጽናናል። ከሦስቱ ክብር የተሰጠው የመጀመሪያው ነው፤ በጽሕፈት የበለጸገው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም አገልግሎቱ በቀጥታ ከሰው የሚገናኝበት፣ በቤተ ክህነቱ ዓይን እንደ ሥነ ጽሑፍ ተቆጥሮ አያውቅም።

ስለ አገው፣ ማለትም ስለ አዊ ሕዝብ፣ ካህን ጸሎት ከሚጠቀሱት የቆዩ ጽሑፎች አንዱ የባዕድ ሰው መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ቦታው ዛሬ ከአዊ ዞን ጋር በሚዋሰነው ሰከላ ወረዳ ነው። በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የምንጩ ካህን ብሎ ስላቀረበው አንድ ሽማግሌና አገዎቹ ለወንዙ መንፈስ ስለሚያቀርቡት ጸሎትና መሥዋዕት ጽፏል። ልመናቸው ዝናብ እንዲመጣ፣ ሣር እንዲበቅል ነበር። ብሩስ ተረት አሳማሪ ነውና በሚዛን ሊነበብ ይገባዋል። ከእሱ በፊት በ1618 (እ.ኤ.አ.) ምንጩን ያየውን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝን ለማጣጣል የሄደበት መንገድ ለጥርጣሬ በቂ ነው። ሆኖም የልመናው ይዘት ያስደንቃል። በግእዙ መስተብቍዕ ውስጥም ካህኑ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ ወንዞች ውኃ ይለምናል። ብሩስ «ጣዖት አምላኪ» እና «ክርስቲያን» ብሎ በሁለት ሣጥን ሊያስቀምጣቸው የፈለጋቸው ሰዎች የሚለምኑት ነገር አንድ ነበር፤ ውኃና ሣር። ክርስትና በአገው ምድር ሲሰፋ የምስጋናው ባለቤት ተለወጠ፤ ያመሰገኑበት ነገር ግን በአብዛኛው ጸንቶ የቆየ ይመስለኛል። በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የጊዮርጊስ ስም ከፈረስና ከአባቶች ጀግንነት ጋር ተሳስሮ ሲጠራ የሚያይ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

በወንጌላውያኑ በኩል ስለ አገልግሎት ያለው ክርክር በሌላ መልክ መጥቷል። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ደብዳቤው ወንጌልን መስበክና ሰውን መርዳት በሁለት በጀት መከፈሉን ተቃወመ፤ አገልግሎት ለሰው ሁለንተና እንጂ ለነፍሱ ወይም ለሥጋው ተከፍሎ አይሰጥም የሚል ነበር። ክርክሩ ለምዕራባውያን ለጋሾች ትልቅ ዜና ሆነ። ለሰንበቴ ማኅበርተኛ ግን አዲስ አይደለም፤ እሱ ቅዳሴውንና እንጀራውን ለያይቶ አያውቅም። ልዩነቱ ጉዲናና ባልደረቦቻቸው ያሰቡትን ጽፈው ለዓለም ማሳወቃቸው ነው። የግምጃ ቤቱ ሰሞነኛ በተግባር የያዘውን ሐሳብ ማንም ከደብሩ አጥር ውጭ አልሰማለትም። ለመንፈሳዊ ሐሳብ ታሪክ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ያልተጻፈ ሐሳብ ሊጠቀስ አይችልም፣ ያልተጠቀሰም ሊመረመር አይችልም።

ስለዚህ የማቀርበው አስተያየት ካህናቱ ከእንግዲህ የግል ማስታወሻ ይጻፉ የሚል አይደለም። ያ የሌላ ትውፊት ልብስ ነው፤ ቢለብሱትም አያምርባቸውም። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቅርብ ነው፣ ጉዳዩም የራሱ ነው። ሀገረ ስብከቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተስማምቶ በአንከሻ፣ በባንጃ፣ በፋግታ ለኮማና በዳንግላ ደብሮች የሚባለውን ቅኔ መቅዳት ይጀምር። የተቀዳው ቅኔ የተባለበት ቀን፣ በዓሉ፣ ደብሩና የባለቅኔው ስም አብሮት ይጻፍ፤ በዚያ ሰሞን አገሩ ላይ የሆነውም ነገር አይቅር፣ ሰሙ የሚፈታው በእሱ ነውና። ካህናቱ በአውንጊ የሚመርቁትን፣ የሚያጽናኑትንና የሚያመሰግኑትን ደግሞ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ብቻ፣ የንስሐውን ምሥጢር ሳይነኩ፣ ከግእዙ እኩል ክብር ሰጥተው ይመዝግቡት። አረጋውያኑ መምህራን በሕይወት እያሉ ቢጀመር ይሻላል።